ሩጫው የእኛ፣ ውሃው የአላህ

 

ረመዳን ሲገባ በየቤታችን ሁለት ነገር አብሮ ይገባል። አንዱ ደስታው ነው፤ የሱሑር መቀስቀሻው፣ የሳምቡሳው ሽታ፣ ከተራዊሕ መልስ የሚፈላው ቡና። ሌላው ለጎረቤት የማይነገረው ጭንቀት ነው፤ ያልተከፈለ የቤት ኪራይ፣ ከተሰደደ ወዲህ ስልኩ የጠፋ ልጅ፣ አልጋ ላይ የዋለ አባት፣ ሥራ ያጣ ወጣት፣ እያደር የሚያብጥ ብድር። ማዕዱን ከበን የመግሪብን አዛን ስንጠባበቅ፣ ቴምሩን በእጃችን እንደያዝን በልባችን የምናደርገው ዱዓ ብዙውን ጊዜ ስለዚህ ስለማይነገረው ነው።

“በአላህ ተመኩ” የሚለውን ቃል በዚህ ጊዜ ከየአቅጣጫው እንሰማዋለን። ጠያቂ ይለዋል፤ ዘመድ በስልክ ይለዋል፤ እኛም ለሌላው እንለዋለን። እውነትም ነው። ነገር ግን ጭንቅ ውስጥ ያለ ሰው ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ተመክቼስ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ? ይህን ጥያቄ እኛም ቤት ጠይቀነዋል። ዛሬ የምናወጋችሁ በቤታችን ስላለፈ አንድ ረመዳንና ከእሱ ስለተማርነው ነው።

የስፌት መኪናው ነጠላ የለበሰበት ረመዳን

አባታችን መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ሲንጀር የስፌት መኪና ጀለቢያ፣ ሱሪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ አሳደጉን። እግራቸው ማበጥ ሲጀምር “ፔዳል ሲረግጡ ስለሚውሉ ነው” ብለን ናቅነው። ኋላ ላይ ሐኪም ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ እንዳቆሙ ነገረን። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑም አራት ሰዓት ያህል ያስፈልጋቸው ነበር። እኛ መክፈል የቻልነው የሁለቱን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም በብድር።

ሱቁ ተለቀቀ። የስፌት መኪናው ኮልፌ ወዳለው የቀበሌ ቤታችን መጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እናታችን አሮጌ ነጠላ አለበሰችው። ዕቁቡን ለምነን ቀድመን ወሰድን፤ ከዘመድ ተበደርን፤ ፊት ለፊታችን ባለው ሱቅ ያለችው የዱቤ ደብተራችን ሞልታ ሌላ ተተካች። በዚህ መሀል ረመዳን ገባ።

ሐኪሞቹ አባታችን እንዳይጾሙ አዘዙ። የታመመ ሰው እንዲያፈጥር አላህ በሱረቱል በቀራ ፈቅዷል፤ መጾም ከቶ የማይችለውም ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ያበላል። አባታችን ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ያም ሆኖ ቀን ቀን እኛ ፊት ውሃ አይቀምሱም ነበር፤ መድኃኒታቸውንም የሚውጡት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው። አዛን ሲል ግን ከእኛ ጋር ማዕድ ይቀርባሉ። ቴምር ለኩላሊት ሕመምተኛ ስለማይሆን አንዲቱን አንስተው “ቢስሚላህ” ካሉ በኋላ ለትንሹ ወንድማችን ያጎርሱታል።

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ዘመዳችን ደላላ ይዛ መጣች። ነገሩ ቀላል ሆኖ ቀረበልን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ታላቅ እህታችን ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ሁለት ዓመት ብትሠራ፣ ብድሩም ይከፈላል፣ የአባታችን እጥበትም ሦስት ቀን ይሞላል። በዚያው ሳምንት ለስፌት መኪናው ገዢ ተገኘ። ልጅቱ ትሂድ ወይስ ትቅር? መኪናው ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ? እናታችን ያን ሌሊት ሱሑር አልበላችም። እኛንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

ሸኽዬ የጠየቁን ጥያቄ

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ እናታችን የሰፈራችን መድረሳ ወደሚያስተምሩት ሸኽ ሄደች፤ እኛም ተከተልናት። ሁሉን ከነገረቻቸው በኋላ “እንግዲህ ሸኽዬ፣ አላህ መንገዱን እንዲያሳየን ዱዓ ያድርጉልን፤ እኛስ ግራ ገብቶናል” አለቻቸው።

ሸኽዬ እጃቸውን ዘርግተው ረዘም ያለ ዱዓ አደረጉልን። አሚን ብለን ፊታችንን ስናብስ “ለመሆኑ ማንን ጠየቃችሁ?” አሉ።

“አላህን ነዋ ሸኽዬ!” አለች እናታችን።

“እሱማ ደግ አደረግሽ። ከሰውስ? ዐረብ አገር ኖራ የመጣች ሴት ጠይቃችኋል? የሰውየውን ወረቀት አይታችኋል? ልጅቷንስ ‘አንቺ ምን ትያለሽ?’ ብላችኋታል?”

ዝም አልን። ማንንም አልጠየቅንም ነበር፤ እህታችንን እንኳ። እሷም አንገቷን ደፍታ የሒጃቧን ጫፍ ትጠቀልላለች።

“በሉ፣ ሂዱና ጠይቁ። ኢስቲኻራም ስገዱ። ከዚያ የታያችሁን አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ሁለተኛው እርምጃ አሁን ባይታያችሁ አትፍሩ። እናታችን ሐጀር ውሃውን ያገኘችው ተቀምጣ አይደለም” ብለው ሸኙን።

ሐጀር ለምን ሮጠች?

የሐጀርን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ያን ቀን ግን ወደ ቤት ስንመለስ አዲስ ሆኖ ተሰማን። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ሐጀርንና ጡት የሚጠባውን ኢስማዒልን ሰው ባልሰፈረበት፣ ውሃ በሌለበት የመካ ሸለቆ ትተዋቸው ሲሄዱ፣ የነበራት አንድ ስልቻ ቴምርና አንድ አቁማዳ ውሃ ብቻ ነው። ይህን ያዘዛቸው አላህ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አዎን ሲሏት፣ እንግዲያው እሱ አይጥለንም ብላ ተመለሰች።

ልብ ብለን እናስተውል። ሐጀር መመካቷን የተናገረችው መጀመሪያ ላይ ነው፣ ውሃው ገና ሳያልቅ። ውሃው አልቆ ሕፃኑ በጥም መንፈራገጥ ሲጀምር ግን ተነስታ ሮጠች። ስለዚህ ሩጫዋ እምነት ከማጣት የመጣ አይደለም። ያመነችው ልብ ናት የሮጠችው።

ወዴት ሮጠች? በአቅራቢያዋ ወዳለው ኮረብታ፣ ወደ ሶፋ። ሰው ይታይ እንደሆን ወጥታ ቃኘች፤ የለም። ሸለቆውን አቋርጣ መርዋ ላይ ወጣች፤ የለም። ሁለቱ ኮረብታዎች መካከል 400 ሜትር ገደማ ነው። ሰባት ጊዜ ስትመላለስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳለች ማለት ነው፤ በዚያ ሐሩር፣ በተጠማ ጉሮሮ። በሦስተኛውም በአምስተኛውም ያየችው ያንኑ ባዶ ሸለቆ ነው። ከሰባተኛው በኋላ ውሃው ፈለቀ። የፈለቀው ግን ሶፋ ላይ አይደለም፤ መርዋ ላይም አይደለም። መልአኩ መሬቱን የቆፈረው ሕፃኑን አስተኝታው በሄደችበት አካባቢ ነው።

ውሃው ከሮጠችበት አቅጣጫ ካልመጣ ሩጫው ከንቱ ነበር ማለት ነው? አላህ እንዲያ አላደረገውም። ያንን ሩጫ ለሐጅና ለዑምራ ሥርዓት አደረገው። እስከ ዛሬ ድረስ ከዓለም ዳርቻ የሚሄደው ሁሉ፣ ባለሥልጣኑም ድሃውም፣ የአንዲት የተጨነቀች እናትን እርምጃ እየደገመ በሶፋና በመርዋ መካከል ይመላለሳል። ውሃው ከፈለቀ በኋላም ሐጀር እጇን አጣጥፋ አላየችም። በእጆቿ እየከተረች አቁማዳዋን ሞላች። ከተአምሩ በፊት ሠራች፤ ከተአምሩ በኋላም ሠራች።

ተወኩል የምንለው ይህ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ የፈለገውን ሰው መጀመሪያ እንዲያስራትና ከዚያ እንዲመካ ነግረውታል። በአላህ በእውነት ብንመካ ወፎችን እንደሚመግብ እንደሚመግበንም አስተምረዋል፤ ወፎቹ ጠዋት ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ይወጣሉ፣ ማታ ጠግበው ይመለሳሉ። ዑለማዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውላሉ፤ ወፏ ከጎጆዋ ትወጣለች።

ኢስቲኻራ ሕልም መጠበቅ ነው?

ያን ሌሊት ከተራዊሕ በኋላ እናታችንና እህታችን ኢስቲኻራ ሰገዱ። ኢስቲኻራ ማለት ከሁለት የተፈቀዱ ነገሮች የቱ እንደሚሻል ሲያጠራጥር ምርጫውን ከአላህ መለመን ነው። ከፈርድ ውጪ ሁለት ረከዓ ይሰገድና ዱዓው ይደረጋል። ሰሓባው ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ዱዓ የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩ አድርገው፣ ለጉዳዮች ሁሉ ያስተምሯቸው ነበር። ሐዲሱ በሶሒሕ አል ቡኻሪ ይገኛል።

የዱዓው ሐሳብ የሚያሳርፍ ነው። አገልጋዩ እንደማያውቅና እንደማይችል፣ አላህ ግን እንደሚያውቅና እንደሚችል ይናገራል። ነገሩ ለዲኑ፣ ለኑሮውና ለፍጻሜው መልካም ከሆነ እንዲሳካለት፣ እንዲገራለትና በረካ እንዲደረግበት ይለምናል። ክፉ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከእሱ፣ እሱም ከነገሩ እንዲርቁ ይለምንና ኸይሩ የትም ይሁን የት እንዲወሰንለት፣ ልቡም በዚያ እንዲወድ ይጠይቃል።

በዚህ ውስጥ ስለ ሕልም የተነገረ ነገር የለም። እኛ ግን ሕልም ጠበቅን። ጠዋት ጠዋት “ምን አያችሁ?” እየተባባልን እንጠያየቅ ነበር። እናታችን ምንም አላየችም። እህታችን ምንም አላየችም። ትንሹ ወንድማችን ብቻ ኳስ ሲጫወት ማየቱን በደስታ ነገረን። አባታችን ፍራሻቸው ላይ ሆነው ከልባቸው ሲስቁ ከታመሙ ወዲህ ያየነው ያን ቀን ነው።

ሸኽዬ ስንነግራቸው “ሕልም ማን አላችሁ? የጠየቃችሁትን ጠይቁ፤ የሚገራውን አላህ ይገራዋል፤ የሚዘጋውን ይዘጋዋል” አሉን።

ሁለት በር በአንድ ሳምንት

ጠየቅን። በሰፈራችን ከዐረብ አገር የተመለሱ ሁለት ሴቶችን አነጋገርን። አንደኛዋ በሠራችው ገንዘብ ለእናቷ ቤት አድሳለች፤ አሠሪዎቿም ደግ ነበሩ። ሁለተኛዋ የስምንት ወር ደመወዟን ሳትቀበል ነው የተመለሰችው። ሁለቱ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ “ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ፣ የተፈረመ የሥራ ውል ሳታይ እንዳትንቀሳቀስ።” እኛም ደላላውን ውሉን እንዲያሳየን ጠየቅነው። ነገ አለ፤ ከነገ ወዲያ አለ። በሦስተኛው ቀን ስልካችንን ማንሳት ተወ።

ቅዳሜ ደግሞ የስፌት መኪናውን ሊገዛ የነበረው ሰው ቀረ። ሌላ ቦታ በርካሽ እንዳገኘ በሰው ላከብን።

ዛሬ ወደ ኋላ ስናየው ሁለቱም ከኢስቲኻራው በኋላ የተዘጉ በሮች ናቸው። ያን ቀን ግን እንዲያ አልታየንም። ያን ቀን የታየን ሰኞ የሚከፈል የእጥበት ገንዘብ አለመኖሩ ነው። እህታችን ማጀት ገብታ አለቀሰች። “አላህ ምነው ሁሉን ባንዴ ዘጋብን?” ስትል ሰማናት። እናታችን አልተቆጣቻትም። አጠገቧ ተቀምጣ፣ ሽንኩርቱን እየከተፈች፣ ከሸኽዬ ደርስ የሰማችውን የሌላ ሴት ታሪክ ነገረቻት። ታሪኩ የሆነው እዚሁ በእኛ አገር ነው።

በሐበሻ ምድር ብቻዋን የቀረችው

በ615 አካባቢ ሙስሊሞች ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ መሰደድ እንደጀመሩ ሁላችን እናውቃለን። ከስደተኞቹ አንዷ ረምላ ቢንት አቢ ሱፍያን፣ በኋላ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) ተብላ የምትታወቀው ናት። አባቷ አቡ ሱፍያን በዚያን ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሚቃወሙት የቁረይሽ አለቆች አንዱ ነበር። ባሏ በስደት አገር ሞተባት። ሴት ልጇን ሐቢባን ይዛ በባዕድ ምድር ቀረች።

ወዴት ትሂድ? ወደ መካ ብትመለስ አባቷ የእምነቷ ጠላት ነው። መዲና ሩቅ ነው፤ በመሀል ባሕር አለ። በዚህ ሁሉ መካከል በእምነቷ ጸንታ ጠበቀች። አንድ ቀን የነጃሺ አገልጋይ በሯን አንኳኳች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጋብቻ እንደጠየቋትና ንጉሡ ጉዳዩን እንዲያስፈጽሙ እንደተላከባቸው ነገረቻት። ኡሙ ሐቢባ ከደስታዋ ብዛት የብር ጌጧን አውልቃ ለአብሳሪዋ እንደሰጠች ይተረካል። መህሩንም ነጃሺ ከራሳቸው ገንዘብ ከፈሉ። በስደት ባሏን ያጣችው ሴት የሙእሚኖች እናት ሆነች።

እናታችን ታሪኩን ስትጨርስ “አየሽ ልጄ፣ እሷ ያንን በር አልቆጠረችውም ነበር። እኛ የቆጠርናቸው ሁለት በሮች ተዘጉ እንጂ የአላህ በሮች ተቆጥረው አላለቁም። አብሽሪ” አለቻት። “አብሽሪ” ማለት ወሎ ተወልዳ ያደገች ሴት አፍ የማይለየው ቃል ነው፤ አይዞሽ፣ መልካም ነገር ይመጣል ማለት ነው። በሱረቱ ጦላቅ አላህ ለሚፈራው ሰው መውጫ እንደሚያበጅለት፣ ካላሰበበት በኩል ሲሳይ እንደሚሰጠው፣ በእሱ ለተመካም በቂው እንደሆነ ነግሮናል። ካላሰበበት በኩል የሚለው እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅነው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

መስኮቱ ሥር

ጎረቤታችን የልጇን የዒድ ልብስ ጨርቅ ይዛ መጣች። አባታችን በየዓመቱ ይሰፉላት ነበር። መታመማቸውን ታውቃለች፤ ግን ዒድ ደርሶ የመርካቶ ሰፊዎች ሁሉ “ሞልቶብናል” ብለዋታል። “እንደው እጥፋቱን እንኳ የሚይዝልኝ ባገኝ ብዬ ነው” አለች እያፈረች።

አባታችን ወደ መስኮቱ ተመለከቱ፤ ከዚያ ወደ እህታችን። “ነጠላውን አንሺው” አሏት።

ያን ቀን አባታችን ፍራሻቸው ላይ ተደግፈው፣ እህታችን መኪናው ላይ ተቀምጣ፣ ከዙህር እስከ መግሪብ አንዲት የልጅ ቀሚስ ሰፉ። ክሩ ስንት ጊዜ እንደተበጠሰ አንቆጥርም። “ቀስ ብለሽ እርገጪ፤ ጨርቁን አትጎትቺው፣ እሱ ራሱ ይሄዳል” ይሏታል። ቀሚሷ እንደ አባታችን ስፌት አልነበረችም፤ ግን ተለበሰች። ጎረቤታችን ለሌላዋ ነገረች። እስከ ዒድ ዋዜማ እህታችን አሥራ አንድ ልብስ ሰፋች። የተገኘው ገንዘብ የሁለት ቀን እጥበት እንኳ በወጉ አይሸፍንም። ነገር ግን ቤታችን ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ተመልሶ ተሰማ፤ አባታችንም እንደገና ሥራ ነበራቸው፤ ማስተማር።

የቀረውስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ደብቀን የነበረውን ነገር እንናገር። ሸኽዬ የመስጊዳችንን ጀማዓ ዘካት ይዘው ሲመጡ አባታችን “እኔ ዘካት ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለባሰበት ስጡት” ብለው እምቢ አሉ። ሸኽዬም አላህ በሱረቱ ተውባ ዘካት የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር ባለ ዕዳዎችን በስም እንደጠራ አስታወሷቸው። “ይህ የእኛ ችሮታ አይደለም ወንድሜ፤ አላህ የመደበልህ ሐቅ ነው። ሐቅህን እምቢ ስትል ሰጪውን አጅር ትከለክለዋለህ” አሏቸው። አባታችን አልመለሱም። ገንዘቡን ሲቀበሉ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ብዙዎቻችን በአላህ መመካትን ለሰው ችግራችንን ካለመንገር ጋር እናምታታዋለን። አላህ ግን ብዙ ጊዜ እርዳታውን የሚልከው በሰው እጅ ነው። የሰውን እጅ ስንገፋ የማንን ስጦታ እየገፋን እንደሆነ ማሰብ ይገባናል።

ዱዓችን አልተሰማም?

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ይል ነበር። እውነቱ ግን ይቀጥላል። አባታችን ከዚያ ረመዳን በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ኖረው ወደ አኼራ ሄዱ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሁሉ የለመንነው እንዲድኑ ነበር።

ትንሹ ወንድማችን ከቀብር በተመለስን ማታ “ዱዓችን አልተሰማም ማለት ነው?” ብሎ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ በየቤቱ ስንት ልጅ በልቡ ይዞት ይሆን? ትልልቆቹስ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩን ኃጢአት ወይም ዝምድና መቁረጥ የሌለበትን ዱዓ የሚያደርግ ሙስሊም ከሦስቱ አንዱን ያገኛል። ወይ የለመነው ፈጥኖ ይሰጠዋል፤ ወይ ለአኼራው ይቀመጥለታል፤ ወይ በልኩ ክፉ ነገር ይመለስለታል። እናታችን ይህን ለወንድማችን ከነገረችው በኋላ የራሷን ጨመረች። “አባትህ ያን ዓመት ባይኖሩ ኖሮ እህትህ አንገትጌ ማዞር፣ እጅጌ መግጠም የት ትማር ነበር? የለመንነው አንድ ነገር ነው፤ የተሰጠን ሌላ ነው። ያልተሰጠን ግን አይደለም።”

አለቀሰችም። ማልቀስ ከተወኩል አያወጣም። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል። ሐዘናቸውን ግን የሚያሰሙት ለአላህ ነበር። በዚያው ሱራ ውስጥ፣ በዚያው ሐዘን መካከል ለልጆቻቸው ያሏቸውን እናስታውስ፤ ሂዱና ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ አትቁረጡ ነው ያሏቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ እንኳ ፈላጊ ይልካሉ። እንባውም ፍለጋውም ተስፋውም በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ዘንድሮ በየቤታችሁ

ይህን ስንጽፍ አንድም ቤት ያለ ፈተና እንደሌለ እናውቃለን። የእናንተ ጭንቅ ከእኛው ይከብድ ይሆናል። ስለዚህ ምክር ሳይሆን እኛን የጠቀመንን እንናገር።

በመጀመሪያ፣ ጭንቀቱን በቤት ውስጥ በግልጽ ተነጋገሩበት። እኛ እህታችንን ሳንጠይቃት በእህታችን ላይ ልንወስን ነበር። ውሳኔው የሚነካው ሰው መጀመሪያ ይሰማ። ከዚያ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ለሕመሙ ሐኪም፣ ለውሉ ሕግ አዋቂ፣ ለጉዞው ሄዶ የተመለሰ ሰው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለዋል፤ መታከም ከመመካት አይቃረንም። ልብ ከብዶ እንቅልፍና ምግብ ሲጠፋም እንዲሁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነውር አይደለም።

ኢስቲኻራ ስትሰግዱ ሕልም አትጠብቁ፤ ጠይቁ፣ ተራመዱ፣ የሚገራውንና የሚዘጋውን አስተውሉ። በር ሲዘጋ ወዲያው ቁጣ ነው ብላችሁ አትተርጉሙት። ደግሞም ሩቁን ስታዩ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን አትርሱ፤ ነጠላ የለበሰ ነገር ይኖር ይሆናል።

አላህ የሰጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ የጎረቤታችሁን የዱቤ ደብተር አስቡ። በዚህ ወር ዘካቱን የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። እጁን የማይዘረጋውን ባለ ዕዳ ፈልጎ የሚያገኝ ግን ጥቂት ነው። ለአንድ ቤት ካላሰበበት በኩል የሚመጣው ሲሳይ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

በመጨረሻም ዱዓውን አታቋርጡ። በሱረቱል በቀራ የጾም አንቀጾች መካከል አላህ ለባሮቹ ቅርብ እንደሆነና የለማኙን ልመና እንደሚሰማ የተናገረበት አንቀጽ አለ። ከፊቱም ከኋላውም ስለ ጾም ነው የሚያወራው። ጾመኛ እስኪያፈጥር ድረስ ዱዓው እንደማይመለስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ስለዚህ አዛን ከመድረሱ በፊት ያለችውን ያቺን ጥቂት ደቂቃ በወጥ ቤት ሩጫና በስልክ አትጨርሷት።

እህታችን ዛሬ መርካቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ብድሩን ከፍለን ለመጨረስ ከአባታችን በኋላ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። ሲንጀሩ አሁንም ይሠራል። ረመዳን ሲጋመስ የዒድ ሥራ ይበዛባትና ማታ ማታ እኛም እየሄድን ቁልፍ እንተክልላታለን። ባለፈው አንዲት እናት የልጇን ቀሚስ ለማሰፋት መጥታ ዋጋውን ስትሰማ ጨርቋን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። እህታችን ጨርቁን ከእጇ ተቀበለቻትና ሜትሯን አነሳች። “ተዪው እናቴ፤ ይሰፋል። አብሽሪ” አለቻት።

አላህ የታመሙትን ይማር፤ የተሰደዱትን በሰላም ይመልስ፤ ባለ ዕዳዎችን ዕዳቸውን ያቃልል፤ መንገዱ ለጠፋን ሁሉ የሚቀጥለውን እርምጃ ያሳየን። ለይለቱል ቀድርን ከሚያገኙት ያድርገን። አሚን።

መልካም የረመዳን ወር።